ብርቱካናማው ክሪስታል እና የላብራቶሪው ልጅ

በዛሬው ዓምዳችን ስለ ሁለት ንጥረ ነገሮች እና ስለ አንድ ልጅ እናወራለን። ንጥረ ነገሮቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንደኛው አሁን የምትተነፍሱት አየር ውስጥ አለ። ሌላው ቀይ ሽንኩርት ሲከተፍ ዐይናችሁን በሚያስለቅሰው ነገር ውስጥ አለ። ልጁን ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁት ይሆናል። አለን ማክዳያርሚድ ይባላል። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የጻፍኳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ግራ እንዳትጋቡ።

መጀመሪያ ቃላቱን እንያቸው። «ንጥረ ነገር» ማለት ከዚያ በላይ ወደ ሌላ ነገር ሊከፋፈል የማይችል፣ የተነጠረ ነገር ነው። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ሌላው ቀርቶ ንጹሑ ዘይት ይወጣል አይደል? ቃሉ የመጣው ከዚያው ነው። ወርቅ ንጥረ ነገር ነው፤ ኦክስጅንም እንደዚሁ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው አዲስ ነገር ሲፈጥሩ ደግሞ «ውሁድ» እንለዋለን። ውሃ ውሁድ ነው፤ ጨውም ውሁድ ነው።

የዛሬዎቹ ሁለት ንጥረ ነገሮች ድኝ እና ናይትሮጅን ናቸው። ናይትሮጅን ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ከማንም ጋር አይጣላም። ድኝ ግን ሌላ ነው። አንዳንዶች «ዲን» ይሉታል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ሰልፈር ሲባል ትሰሙታላችሁ። ቢጫ ድንጋይ ነው። በአፋር፣ ዳሎል ላይ በፎቶግራፍ የምታዩት ደማቅ ቢጫ ውስጥ ድኝ አለ። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውም አንዱ ምክንያት በፀጉራችን ውስጥ ያለው ድኝ ነው። በዐረብ አገሮች ያደጋችሁ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ይሆናል፤ በዐረብኛ «ኪብሪት» ማለት ድኝ ነው። እኛ ሻማ የምንለኩስበትን «ክብሪት» ያልነው ከዚያ ወስደን ነው። የክብሪቱ ራስ ላይ ዛሬም ድኝ አለ፤ ስለዚህ ቃሉ አልተሳሳተም።

አሁን ወደ ልጁ እንሂድ።

አለን ማክዳያርሚድ በ1927 በኒውዚላንድ፣ ማስተርተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አምስት ልጆች ነበሩ። አባቱ መሐንዲስ ቢሆንም በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ሥራ አጥቶ ነበር። ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ከዋና ከተማው ከዌሊንግተን አጠገብ ወዳለችው ወደ ሎወር ሃት ተዛወረ። አለን ከትምህርት በፊት ማለዳ ተነሥቶ በብስክሌት ወተት ያደርስ ነበር። በዐሥር ዓመቱ ገደማ የአባቱን የድሮ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ቤት ውስጥ አገኘ። መጽሐፉ ብዙም አልገባውም፤ ግን ለቀቅ አላደረገውም። ከዚያ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ለልጆች የተጻፈ የኬሚስትሪ ሙከራ መጽሐፍ ተዋሰ። የመመለሻው ቀን ሲደርስ እያሳደሰ አንድ ዓመት ገደማ ይዞት ቆየ። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ሙከራዎች አብዛኛዎቹን ቤቱ ውስጥ ሠራቸው።

በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤቱን ትቶ ሥራ ገባ። ሥራው በዌሊንግተን በሚገኘው የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ነበር። ወለል ይጠርጋል፣ የቆሸሹ ብርጭቆዎችን ያጥባል፣ መምህራን በክፍል ውስጥ የሚያሳዩዋቸውን ነገሮች ያዘጋጃል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ሥራውም ሙሉ ቀን አይደለም። በቀረው ጊዜ ሁለት ኮርስ ብቻ ይማር ነበር። ከእናንተ መካከል ወላጆቹ ወደ ውጭ አገር እንደመጡ ማታ እየሠሩ ቀን የተማሩለት፣ ወይም ቀን እየሠሩ ማታ የተማሩለት ብዙ ይኖራል። ኑሮውን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም።

አንድ ቀን ሚስተር ሞንሮ የተባሉት መምህር ለክፍላቸው ማሳያ የሚሆን አንድ ውሁድ እንዲያዘጋጅላቸው አዘዙት። ውሁዱ አራት የድኝ አቶሞች እና አራት የናይትሮጅን አቶሞች ያሉት ነው። ስሙ ረጅም ነው፤ ቴትራሰልፈር ቴትራናይትራይድ። እኛ «አራት በአራት» እንበለው። አለን ያዘዙትን ሠርቶ ሲጨርስ በብርጭቆው ውስጥ ደማቅ ብርቱካናማ ክሪስታሎች አየ። በጣም አማሩት። በኋላ የራሱን ጥናት የሚመርጥበት ጊዜ ሲደርስ ወደ ሚስተር ሞንሮ ሄዶ «በዚያ ብርቱካናማ ነገር ላይ ልሥራ?» ብሎ ጠየቃቸው። ፈቀዱለት። ለማስተርስ ዲግሪው የሠራው በዚህ ውሁድ ላይ ነው። በ1949 ኔቸር በተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ የመጀመሪያ ጽሑፉ ታተመ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። ይህን ውሁድ የመረጠው ይጠቅማል ብሎ አይደለም። ገንዘብ ያስገኛል ብሎም አይደለም። ቀለሙ ስለማረከው ነው። ብዙ ወላጅ ልጁ እንዲህ ዓይነት ምክንያት ቢሰጠው «እሱማ እንጀራ አይሆንም» ሊል ይችላል። ወላጁን አልፈርድበትም፤ በሰው አገር ልጅ ማሳደግ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉኝ።

«አራት በአራት» የታወቀው ማክዳያርሚድ ከመወለዱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ግሪጎሪ የተባለ ኬሚስት በ1835 ሠርቶታል፤ ድኝና ክሎሪን ያለበትን ፈሳሽ ከአሞኒያ ጋር አገናኝቶ ነው ያገኘው። ጠባዩ ለየት ያለ ነው። ቀለሙ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፣ በክፍል ሙቀት ብርቱካናማ ነው፣ ከ100 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ወደ ቀይ ይሄዳል። ሞለኪውሉም ቀጥ ያለ ቀለበት አይደለም፤ እንደ ሕፃን አልጋ ጎበጥ ያለ ነው።

ሌላም ጠባይ አለው፤ ይፈነዳል። ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ናይትሮጅን ከማንም በላይ ከራሱ ጋር መሆን ይወዳል። ሁለት የናይትሮጅን አቶሞች ሲጣመሩ በኬሚስትሪ ከሚታወቁት ጠንካራ ትስስሮች አንዱን ይፈጥራሉ። በ«አራት በአራት» ውስጥ ግን ናይትሮጅኖቹ ተለያይተው በድኝ መካከል ተቀምጠዋል። ተጠብቆ እንደተወጠረ ላስቲክ ማለት ነው። ቢመታ፣ ቢታሽ ወይም በድንገት ቢሞቅ ናይትሮጅኖቹ ተፈናጥረው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ድኙ ብቻውን ይቀራል፤ ጋዙም በኃይል ይወጣል። የሚገርመው ደግሞ ውሁዱ ንጹሕ በሆነ መጠን አደገኛነቱ ይብሳል። ስለዚህ፣ ልጆች፣ ይህ በቤት የሚሞከር ነገር አይደለም። በትምህርት ቤት ላብራቶሪም አይደለም። የሚሠሩት ሰዎች በጥቂት በጥቂቱ፣ ከመስታወት መከላከያ ጀርባ ሆነው ነው።

ማክዳያርሚድ ከዚያ በኋላ ከአገሩ ወጣ። በ1950 በስኮላርሺፕ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዊስኮንሲን ሄደ፤ በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅም ተምሮ ሁለተኛ የዶክትሬት ዲግሪ ያዘ። በ1955 በፊላደልፊያ ከተማ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በምዕራብ ፊላደልፊያ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ግቢው ሠፈራችሁ ነው። ለብዙ ዓመታት የሠራው በሲሊኮን ውሁዶች ላይ ነበር። ብርቱካናማው ክሪስታል የወጣትነት ትዝታ ሆኖ ቀረ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነገሩ ተመለሰ። እዚያው ፊላደልፊያ ውስጥ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ1973 አንድ አስገራሚ ነገር አሳወቁ። ድኝና ናይትሮጅን እየተፈራረቁ፣ ድኝ ናይትሮጅን ድኝ ናይትሮጅን እያሉ፣ እንደ መቁጠሪያ በረጅም ክር ሲሰካኩ የሚፈጠር ነገር አለ። እንዲህ ያለውን ረጅም ሰንሰለት «ፖሊመር» እንለዋለን። ይህ ፖሊመር እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል፤ ኤሌክትሪክም እንደ ብረት ያስተላልፋል። ግን ውስጡ አንድም የብረት አቶም የለም! አንዱ ቢጫ ድንጋይ፣ ሌላው አየር፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም።

በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ አለን ሂገር የሚባል የፊዚክስ ምሁር ይህን ሰምቶ ልቡ ተነሣ። ግን ፊዚክስ እንጂ ኬሚስትሪ አይችልም። ስለዚህ ወደ ማክዳያርሚድ ቢሮ ሄዶ «ኤስ ኤን የሚባለው ነገር እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» አለው። ማክዳያርሚድ ምኑ እንደሚደንቅ አልገባውም። በኬሚስትሪ ትልቅ ኤስ እና ትንሽ ኤን አንድ ላይ ሲጻፉ ቆርቆሮ ማለት ነው። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ኤሌክትሪክ ቢያስተላልፍ ምን ይገርማል? ሂገር ሲጽፍለት ግን ኤኑም ትልቅ ነው፤ ድኝ እና ናይትሮጅን! የፈረንጅ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስላለው የሚፈጠር ግራ መጋባት ነው፤ የእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። በነገራችን ላይ የቤት ጣሪያ ላይ የምናየውን «ቆርቆሮ» የምንለው በልማድ ነው፤ እሱ በአብዛኛው ዚንክ የተቀባ የብረት ሉህ ነው።

ማክዳያርሚድ ነገሩ ሲገባው ወዲያው ፈቃደኛ ሆነ። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ ወርቃማውን ክር ለመሥራት የሚነሡት ከዚያው ከድሮ ወዳጁ ከብርቱካናማው ክሪስታል ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያልነካውን ሥራ እጁ ገና አልረሳውም ነበር።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው። መጀመሪያ አየር በወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ የ«አራት በአራት» ትነት በጋለ ቀጭን የብር ክር መካከል ያልፋል። ብሩ ሞለኪውሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለት ድኝ እና ሁለት ናይትሮጅን ያለው ትንሽ ካሬ ሞለኪውል ይሆናል፤ «ሁለት በሁለት» እንበለው። ይህ በብርድ ተይዞ ክሪስታል ሲሆን እንደ መስታወት ቀለም የለውም። ከዚያ ምንም አይደረግም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይነካው፣ በክፍል ሙቀት ክሪስታሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ቀናት ሲያልፉ ደግሞ ወርቅ ይመስላል። ምን ሆነ? ትንንሾቹ ካሬዎች በየቦታቸው ሆነው አንድ ጎናቸውን ከፈቱ፤ ከጎረቤታቸውም ጋር ተያያዙ። ሰልፍ ላይ የቆሙ ልጆች ሳይንቀሳቀሱ እጅ ለእጅ ሲያያዙ እንደማለት ነው። ክሪስታሉ ቅርጹን ሳያጣ ውስጡ በሙሉ ክር ሆነ።

በ1975 የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች ይህን ወርቃማ ክር ወደ ፍፁም ዜሮ አስጠግተው አቀዘቀዙት። ፍፁም ዜሮ ከሁሉ የመጨረሻው ቅዝቃዜ ነው፤ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። ከዚያ ሩብ ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ክሩ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መሰናክል ማስተላለፍ ጀመረ። ይህ ጠባይ እስከዚያ ድረስ በፖሊመር ላይ ታይቶ አያውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት ማክዳያርሚድ ጃፓን ውስጥ ነበር። በቶኪዮ ስለ ወርቃማው ክር ንግግር አደረገ። ከንግግሩ በኋላ በአረንጓዴ ሻይ ላይ ሂደኪ ሺራካዋ ከሚባል ኬሚስት ጋር ተዋወቁ። ሺራካዋ የሰማው ነገር የራሱን ሥራ አስታወሰው። በእሱ ላብራቶሪ በ1967 አንድ እንግዳ ተመራማሪ ፖሊአሴቲሊን የሚባል ሌላ ፖሊመር ሲሠራ፣ ሥራውን የሚያፋጥነውን ንጥረ ነገር ከሚያስፈልገው 1,000 እጥፍ ያህል ጨምሮበት ነበር። ጥቁር ዱቄት ይሆናል የተባለው ነገር በፈሳሹ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ስስ ንጣፍ ሆኖ ተንሳፈፈ። ሺራካዋ ያንን ብርማ ንጣፍ ለማክዳያርሚድ አሳየው። ማክዳያርሚድም «አሜሪካ መጥተህ አብረን እንሥራ» አለው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሰዎች የሚያደንቁት በስሕተት የተጨመረውን 1,000 እጥፍ ነው። እኔ ግን የሻይዋ ሰዓት ትበልጣለች ባይ ነኝ። ስሕተቱ ከተፈጠረ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር፤ ንጣፉም ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም ነበር። ያን ብርማ ነገር አይቶ «ይህ የእኔን ወርቃማ ክር ይመስላል» የሚል ሰው መምጣት ነበረበት።

ደግሞም ከወርቃማው ክር የተማሩት አንድ ብልኃት ነበር። ማክዳያርሚድ እና ሂገር ክሩን ለብሮሚን ትነት ሲያጋልጡት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ዐሥር እጥፍ ያህል ከፍ ብሎላቸው ነበር። ታዲያ ይህንኑ በሺራካዋ ብርማ ንጣፍ ላይ ለምን አንሞክረውም አሉ። ሺራካዋ ፊላደልፊያ ከደረሰ በኋላ፣ በኅዳር ወር 1976 ሞከሩት። ዐሥር እጥፍ አይደለም፤ 10 ሚሊዮን እጥፍ ጨመረ! በ1977 ውጤቱን አሳተሙ። በ2000 ሦስቱም የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ብርጭቆ ያጥብ የነበረው ልጅ ያን ጊዜ 73 ዓመቱ ነበር። በ2007 ዐረፈ።

ወርቃማው ክር ራሱ ገበያ ላይ አልዋለም። ለመሥራት የሚነሡት ከፈንጂ ስለሆነ ማንም ፋብሪካ ሊደፍረው አልቻለም። የተጠቀምንበት ከእሱ በኋላ የመጡትን ነው። ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ፖሊመሮች በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ፣ በተለይ ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ይገኛሉ። በጣም ከተለመዱት አንዱ በሞለኪውሉ ቀለበት ውስጥ ዛሬም ድኝ አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ኬሚስቶችም ከስዊድን የቻልመርስ እና የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ እንዲህ ያሉ ፖሊመሮችን ሲሠሩ ቆይተዋል። ስዊድን የምትኖሩ ልጆች ኬሚስትሪ የምትማሩ ከሆነ በመምህራኖቻችሁ ጽሑፎች ላይ የኢትዮጵያውያን ስም ብታዩ አትገረሙ።

ስለ «ሁለት በሁለት» ግን አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ በተለይ የወንጀል ምርመራ ፊልም የምትወዱ ልጆች ይህን አንብቡ። በእንግሊዝ አገር በሎፍብራ ዩኒቨርሲቲ ፖል ኬሊ የሚባል ኬሚስት እና ባልደረቦቹ በዚህ ትነት ሲሠሩ በብርጭቆው ላይ የጣት አሻራ ብቅ ሲል አዩ። ጣታችን የነካበት ቦታ ላይ በዐይን የማይታይ የላብና የቅባት ምልክት ይቀራል። የ«ሁለት በሁለት» ትነት እዚያ ምልክት ላይ ሲያርፍ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ወደ ክር ይለወጣል። ቀለም የሌለው ትነት እያንዳንዷን መስመር ተከትሎ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይቀመጣል። በወረቀት ላይም፣ በተጠረገ ብረት ላይም ሞክረውታል። ሰውየው አሻራዬን ጠርጌዋለሁ ብሎ ሄዷል፤ ድኙና ናይትሮጅኑ ግን መስመር በመስመር ይጽፉታል።